የርቀት ትምህርት በኦንላይን ለምትጀምሩ

ጎንደር ሆናችሁ የዩኒቨርሲቲ የርቀት ትምህርት በኦንላይን ልትጀምሩ ነው? ትምህርቱ ሳይጀመር አንድ ማታ ሲስተሙን ተለማመዱት።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሙድል (Moodle) የሚባል የኦንላይን ትምህርት ሲስተም ይጠቀማሉ። የሙድልን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ሲከፈት የዩኒቨርሲቲያችሁን የሙድል አድራሻ ይጠይቃችኋል። ትልቁ ጥቅሙ አብዛኛውን የኮርስ ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ማስቻሉ ነው። ፒያሳ ዋይፋይ ስታገኙ የሳምንቱን አውርዱ፤ ማታ አዘዞ ቤታችሁ ኔትወርክ ቢጠፋም ታነባላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰዓቱን አደራ! ሲስተሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የማስረከቢያ ሰዓቱ 11:59 ፒኤም ካለ በእኛ ከምሽቱ 5:59 ማለት ነው። 11:59 ኤኤም ካለ ደግሞ ከረፋዱ 5:59 ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ ቀን ነው። ቀኑንም ወደ እኛ ቀይራችሁ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ፕሮፋይላችሁ ላይ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉት።

አሳይመንት ስትልኩም ፋይሉ ድራፍት ላይ እንዳይቀር። አንዳንድ ኮርስ ላይ ፋይሉን ከጫናችሁ በኋላ ሌላ የማስረከቢያ ቁልፍ አለ። እሱን ሳትነኩ እንዳትወጡ። መግባቱን ካያችሁ በኋላ ስክሪንሾት አንሱና አስቀምጡት።