ክሬኑ በእርግጥ ይመጣል? የመንገድ ላይ እርዳታ አባልነት ሲሸጥልዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ላይ መኪና ያለው ሰው ስጋቱን ያውቀዋል። ወደ ወለንጪቲ ሲወጡ ጎማ ይፈነዳል፣ እስኮርታው ደግሞ አየር የለውም። ስለዚህ «በወር ትንሽ ክፈሉ፣ መኪናዎ በቆመበት ክሬን እንልካለን» የሚል ሰው ሲመጣ ጆሮ ይሰጡታል። ቀጥሎ ግን «አባል ከሆኑ በኋላ ለሌላ ሰው እየሸጡ ኮሚሽን ያገኛሉ» ይላል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የቀረበልዎ አገልግሎትም ሥራም ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ መመርመር አለባቸው።

«ይከፍላሉ ወይ?» ብሎ መጀመር

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። መልማዩ ስልኩን አውጥቶ ከባንክ የገባለትን መልእክት ያሳያል፣ ነገሩ ያልቃል። ፒራሚድም፣ ማለትም በኋላ ከሚገቡት ሰዎች ገንዘብ ለቀደሙት የሚከፍለው አሠራር፣ እኮ መጀመሪያ ለገቡት ይከፍላል። ካልከፈለ ማን ይከተለዋል? መጠየቅ ያለበት የሚከፈለው ብር ከማን ኪስ እንደወጣ ነው።

እኔ የምመክረው ቀላል ፈተና አለ። ኮሚሽኑን በሐሳብዎ ያውጡት። ፖስታ ቤት አካባቢ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ለክሬኑና ለባትሪ ማስነሻው ብቻ ሲል ይህን አባልነት ይገዛል? ከገዛ፣ የሚሸጥ ነገር አለ ማለት ነው። አባላቱ ሁሉ ሻጭ ከሆኑና ክሬን ጠርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ከጠፋ ግን የሚሸጠው ምዝገባው ራሱ ነው። ሰው በማስገባት ላይ የቆመ የፒራሚድ ሽያጭን ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። «ከስርህ ሦስት ሰው አስገባ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይህን ያስታውሱ።

ስለ ክሬኑ ሳይጠይቁ መክፈል

የሚገርመኝ ነገር፣ ሰው ስለ ኮሚሽኑ አሥር ጥያቄ ይጠይቅና ስለ መጎተቻው አንድም አይጠይቅም። እስከ ስንት ኪሎ ሜትር በነጻ ይጎተታል? በዓመት ስንት ጊዜ መጥራት ይቻላል? አይሱዙን ይጨምራል ወይስ የቤት መኪና ብቻ ነው? ዛሬ ከፍለው ነገ መጥራት ይችላሉ ወይስ የመጠበቂያ ጊዜ አለው?

እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ክሬን የላቸውም። ከየአካባቢው ባለ ክሬኖች ጋር ተዋውለው ነው የሚሠሩት። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ነው፤ ወደሚያውቁት ጋራዥ ሄደው ባለ ክሬኑን ያነጋግሩ። «የእነዚህ ሰዎች ጥሪ ደርሶህ ያውቃል? ሂሳብህንስ በጊዜው ከፈሉህ?» ይበሉት። ድርጅቱ እጅ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ የእርዳታ ቁጥሩን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይደውሉለት። በዚያ ሰዓት ካልተነሳ መኪናዎ ሲቆምም አይነሳም።

የውጭ አገር ስም ሲሰሙ ማመን

መልማዩ የሚሸጠው የአሜሪካ የመኪና ማኅበር አባልነት እንደሆነ ሊነግርዎ ይችላል። ለአባሎቻቸው የመንገድ ላይ እርዳታ የሚሰጡ የመኪና ማኅበራት (ክለቦች) በአሜሪካ የቆዩ ናቸው። ትልቁ የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቺካጎ ውስጥ ተመሠረተ። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ማለት ስህተት ነው። ነገር ግን እዚያ የሚሸጥ አባልነት እዚህ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የቆመ መኪና አያስነሳም። አዳማ ለሚኖር ሰው የሚቀርበው መሸጡ ብቻ ነው፤ ገዢውም ውጭ ያለ ዘመድ ይሆናል። እዚያም ቢሆን ሽያጩ ልቅ አይደለም። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የመኪና ክለቦችን የሚቆጣጠረው የግዛቲቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው። «ከኢትዮጵያ ስለማይቻል በአክስትህ ልጅ ስም እናስመዝግብህ» ከተባሉ ውሉም ኮሚሽኑም የአክስትዎ ልጅ ነው።

ኮሚሽኑን እንደ ደመወዝ መቁጠር

ሂሳቡን እንሥራ። አባሉ በወር 20 ዶላር ይከፍላል፣ ድርጅቱ ደግሞ ለሻጩ በአንድ አባል 80 ዶላር ይሰጠዋል እንበል። ድርጅቱ ገና ያልሰበሰበውን የወራት ገንዘብ ቀድሞ ከፈለ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ኮሚሽን ቅድሚያ ክፍያ ነው። አባሉ በሁለተኛው ወር ቢያቋርጥ ቀሪው ከሻጩ ቀጣይ ክፍያ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ዘመድ ለይሉኝታ ብሎ ገዝቶ በማግሥቱ ሲሰርዝ ዕዳው እርስዎ ላይ ይመጣል። ይህ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። ውሉ ላይ ተጽፎ ከነበረ ያላነበበው ሻጩ ነው።

ንግድ ፈቃዱን ከሩቅ ማየት

በቴሌግራም የተላከ የፈቃድ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩን የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን ማረጋገጫ ላይ አስገብተው ይዩት። የሥራ ዘርፉንም ያንብቡ፤ የአስመጪነት ፈቃድ ስለ መኪና መጎተት የሚለው ነገር የለም። ክፍያው በግለሰብ ቴሌብር ከሆነ እኔ ብሆን እዚያው እተወዋለሁ።

ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ መዘናጋት፣ ወይም የሌለውን ኢንሹራንስ መግዛት

ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው፤ የእርስዎን መኪና አያስጎትትም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት ግን ከአደጋ በኋላ የመጎተቻ ወጪን እስከተወሰነ ብር የሚሸፍን አንቀጽ ሊኖረው ይችላል፤ ውሉን ገልጠው ይዩ። በሌላ በኩል የአባልነት ሻጩ «አደጋ ቢደርስ ካሳ እንከፍላለን» ካለ ነገሩ ኢንሹራንስ ሆነ። ለዚያ ደግሞ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ይጠይቁ። የውሉንም ቅጂ አብረው ይጠይቁ። «ከተመዘገቡ በኋላ ይላክልዎታል» ካሉ ምዝገባው ይቆይ።