ከቤተሰብ የወረሱትን አሮጌ ጊታር እንዴት ይይዙታል?

አባት፣ አያት ወይም አጎት ያቆዩት አኩስቲክ ጊታር እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣብዎት ጠራርጎ፣ አዲስ ክር ገጥሞ መጫወት ነው። ይህን ጥቂት ሳምንት ያቆዩት። አሮጌ ጊታር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ወራሹ በተረከበ ሰሞን በቅን ልብ በሚያደርገው ነገር ነው፦ ቫርኒሽ ይቀባዋል፣ በአናጺ ኮላ ይለጥፈዋል፣ የማይችለውን ክር ይወጥርበታል።

1. ከመንካትዎ በፊት ይመዝግቡ

ፊቱን፣ ጀርባውን፣ መቃኛዎቹን፣ በክቡ ቀዳዳ ውስጥ የሚታየውን ወረቀት ወይም ማኅተም ፎቶ ያንሱ። ከዚያ በብርሃን አጠገብ ይዘውት ይቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ የትኛው ክር ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ? ባለቤቱ አዘውትሮ የያዛቸው ኮርዶች እዚያ ናቸው። ፊቱ ላይ ቀለሙ ያለቀበት ቦታ ደግሞ ቀኝ እጁ ሲመላለስበት የኖረ ነው። እነዚህን ምልክቶች የሚያጠፋ ጥገና ማንም ቢያቀርብልዎ እሺ አይበሉ።

የኬዙን፣ ማለትም የጊታሩን መያዣ፣ ኪስ ይፈትሹ። ደረሰኝ፣ መምቻ፣ የዘፈን ግጥም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ቢያገኙ ከጊታሩ አይለዩት።

ቀጥሎ የቤተሰቡን ትልልቅ ሰዎች ስልክዎን ለቀረጻ ከፍተው ይጠይቁ፦ ከየት ተገዛ? ማን አስተማረው? በማን ሠርግ ተጫወተበት? በየትኛው ቅኝት መጫወት ይወድ ነበር፣ ትዝታ ነው ባቲ? እኔ ይህንን ከጥገናው ሁሉ አስቀድማለሁ። እንጨቱ ሌላ አንድ ዓመት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም፤ አክስትዎ ግን እያረጁ ነው።

2. የናይለን ነው የሽቦ?

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። ክሮቹ ብሪጁ (ፊቱ ላይ የተለጠፈው የክሮቹ ማሰሪያ እንጨት) ላይ በቋጠሮ ከታሰሩ፣ አንገቱም ሰፊ ከሆነ፣ የናይለን ክር የሚፈልግ ክላሲካል ጊታር ነው። ክሮቹ ብሪጁ ላይ ወደ ውስጥ ገብተው በትንንሽ ችንካር ከተያዙ አብዛኛውን ጊዜ የሽቦ ክር ነው። የተለመደ የሽቦ ክር ስድስቱም ተወጥሮ በድምሩ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል፤ ናይለን ግን ወደ 40 ኪሎ ገደማ። ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ ሽቦ ከተወጠረ ፊቱ ያብጣል፣ ብሪጁም ተገንጥሎ ሊነሳ ይችላል።

የሠሪውን ማንነት ውስጡ ያለው ጽሑፍ ይነግርዎታል። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ማርቲን እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር ስለሚያትም የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ የአንገቱ ሥር በሚያርፍበት እንጨት ላይ በቀዳዳው በኩል ይታያል። በቺካጎ ይሠራ የነበረው ሃርመኒ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1975 ተዘግቷል፤ ጊታሮቹ ውስጥ የሞዴል ቁጥርና አንዳንዴም ዓመቱን የሚያሳይ የቀለም ማኅተም ይገኛል። ሌላው አሜሪካዊ ሠሪ ጊብሰን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራቸው ጊታሮች ግን ቁጥሮቹ ስለተደጋገሙ በቁጥር ብቻ ዓመቱን መወሰን አይቻልም። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ጊታር ሆኖ ቢገኝም የተቀሩትን እርምጃዎች አይዝለሉ።

3. ጤናውን ይመርምሩ

ቀጭን ወረቀት ወስደው በብሪጁ ጠርዝ ሥር ለማስገባት ይሞክሩ። ከገባ ብሪጁ መነሳት ጀምሯል፤ ክሮቹን ያኔውኑ ያላሉ። ከብሪጁ በስተኋላ ማስመሪያ አጋድመው ያስቀምጡ። ትንሽ ጉብታ በአሮጌ ጊታር የተለመደ ነው፣ እየጨመረ የሚሄድ ጉብታ ግን አይደለም። ፊቱንና ጀርባውን በጣትዎ አንጓ በቀስታ ያንኳኩ፤ የሚንጣጣ ድምፅ ካለ ውስጥ የተለቀቀ ድጋፍ እንጨት አለ ማለት ነው።

በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ ምን ያህል እንደራቀ ይለኩ። በሽቦ ጊታር ወፍራሙ ክር ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመቻል። ከዚህ እጥፍ ከሆነ የአንገቱ ማዕዘን ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

4. ክር ይቀይሩ

አሮጌዎቹን በፖስታ አድርገው ስም ይጻፉበት። በሽቦ ጊታር ላይ ከ11 የሚጀምረውን (የቀጭኑ ክር ውፍረት 0.011 ኢንች የሆነውን) ቀጭን ስብስብ ይግጠሙ፣ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኙት። ለጥቂት ቀናት ይጠብቁና የወረቀቱን ፈተና ይድገሙ። ካልተንቀሳቀሰ ወደ ትክክለኛው ቅኝት ያውጡት።

5. ጽዳት

በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ካስፈለገ በጣም ጥቂት ውኃ ነክተው። አልኮልና የቤት ዕቃ ማወልወያ ስፕሬይ አይጠቀሙ።

6. ለጠጋኝ ከመስጠትዎ በፊት

«በምን ታጣብቀዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ አሮጌ ጊታሮች የተጣበቁት ከእንስሳት ቆዳ በሚወጣ ሙጫ ሲሆን በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ተከፍቶ እንደገና ሊጠገን ይችላል። ሱፐር ግሉ እንዲህ አይለቅም። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራንን ቢጠይቁ ጥሩ መነሻ ያገኛሉ። የሚወልቅ ነገር ሁሉ፣ የዛገ መቃኛም ቢሆን፣ ተመልሶ ይሰጥዎ።

በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማቅኛ ብረት በቁልፍ ለማዞር የሚያገለግል ቀዳዳ ቢፈልጉ ላያገኙ ይችላሉ። ማርቲን የሚስተካከል ብረት ማስገባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

7. ማኖሪያው

እንጨቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ይስማማዋል። በጋ ላይ፣ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በኤር ኮንዲሽነር፣ አሜሪካና አውሮፓ በክረምት ማሞቂያ አየሩ ይደርቃል፤ እንጨቱም ይሰነጠቃል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ፣ ግን የማይንጠባጠብ ስፖንጅ አድርገው በኬዙ ውስጥ ማኖር ይረዳል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለግማሽ ሰዓት እንኳ አይተዉት።

ከአገር ወደ አገር የሚሻገር ከሆነ እንጨቱን አስቀድመው ያጣሩ። የብራዚል ሮዝውድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ስላለበት ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል። ማርቲን እ.ኤ.አ. እስከ 1969 ድረስ ለብዙ ጊታሮቹ ጀርባና ጎን ይህን እንጨት ይጠቀም ነበር።

ወንድምና እህት ካለዎት ደግሞ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ለጥገናው ማን እንደሚከፍል፣ ያለ ሁሉም ፈቃድ እንደማይሸጥ በአንድ ገጽ ጽፈው ሁሉም ይፈርሙበት። ቅጂው ኬዙ ውስጥ ከፎቶዎቹ ጋር ይቀመጥ።