ረቡዕ ላይ የሚሰለች ምግብ፦ የሳምንት ዝግጅት ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የሳምንቱን ምግብ በአንድ ቀን አዘጋጅቶ የማስቀመጥ ልማድ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው ደክሞት ሳይሆን ሰልችቶት ነው። ሰኞ የጣፈጠው ምግብ ማክሰኞም ደህና ነው፣ ረቡዕ ከጉሮሮ አልወርድ ይላል፣ ሐሙስ ደግሞ ዕቃው ሳይከፈት ይመለሳል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ አዲስ የምግብ አሠራር ይፈልጉ፣ በየሳምንቱ የተለየ ነገር ያብስሉ። ምክሩ ሥራ ያበዛል እንጂ ችግሩን አይነካውም፤ አዲሱም ምግብ አምስት ቀን ከተደጋገመ ያው ነውና። እኔ እንደማየው የአብዛኛው መሰልቸት ሥሩ አንድ ነው፦ ምግቡ በዝግጅቱ ቀን ሙሉ በሙሉ ተጠናቅቋል። ቅመሙም፣ ማባያውም፣ ሎሚውም ገብቶ አልቋል፤ ለሚበላበት ቀን የተተወለት ነገር የለም።

ከዚህ በታች ካሉት ምልክቶች የራስዎን ፈልገው ከዚያ ይጀምሩ። ሁሉም በአንድ ወጥ ቤት አይገኝም።

ምልክት፦ ምግቡ ደህና ነው፤ ግን በሦስተኛው ቀን ማየቱ ራሱ ያታክታል

ይህ ቅብጠት አይደለም። የአመጋገብ ተመራማሪዋ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አንድን ምግብ ከበሉ በኋላ የዚያ ምግብ ደስታ ሲቀንስባቸው ያልበሉት ምግብ ግን ያን ያህል እንዳልቀነሰባቸው አሳይተዋል። ከሆድ ቀድሞ የሚጠግበው ምላስ ነው፤ የሚጠግበውም ከዚያው ከተበላው ነገር ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሰዎች የተለያየ ቅርጽ ያለው ፓስታ ተራ በተራ ሲቀርብላቸው፣ አንድ ቅርጽ ብቻ ሲቀርብላቸው ከበሉት የበለጠ እንደበሉ ታየ። ዱቄቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። ጥናቶቹ የአንድ ማዕድ ናቸው፤ አምስት ቀን ያንኑ የበላ ሰው ግን ውጤቱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

መፍትሔው ያለቀለት ምግብ ከማብሰል ይልቅ የምግብ ክፍሎችን ማብሰል ነው። ለአንድ ሳምንት የሚያስፈልገው ዝርዝር አጭር ነው፦ አንድ ጥራጥሬ፣ አንድ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ሩዝ ወይም ድንች፣ አንድ የተጠበሰ አትክልት፣ አንድ ጥሬ አትክልት። ሁሉም በጨውና በጥቂት ዘይት ብቻ ይብሰሉ። ልዩነቱን የሚያመጡት ማባያዎቹ ናቸው፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ክዳን ባላቸው ትናንሽ ብልቃጦች ያስቀምጡ።

አንድ ድስት የተቀቀለ ሽምብራ እንውሰድ። ሰኞ ግማሽ ኩባያ እርጎ ከተደቆሰ ግማሽ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚ ጭማቂና ከጨው ጋር ይመታና ሩዝ ላይ በቀረበው ሽምብራ ላይ ይፈስሳል። ማክሰኞ ያው ሽምብራ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቅና በጋለ መጥበሻ ላይ በዘይት ይጠበሳል፤ ቆዳው መሰነጣጠቅ ሲጀምርና ጠርዙ ሲጠቁር ከሙንና ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል፤ በቀጭኑ ከተከተፈ ጥሬ ጥቅል ጎመን ጋር ይበላል። ቅመሙን መጀመሪያ ላይ አይጨምሩ፤ ሽምብራው ሳይጠበስ ያርራል። ረቡዕ የተረፈው በሹካ ይደቆስና ከቲማቲም ጋር ተንተክትኮ ወፍራም ሾርባ ይወጣዋል። አንዱ ቀዝቃዛና ጎምዛዛ፣ ሌላው ደረቅና የሚቆረጠም፣ ሦስተኛው ትኩስና ለስላሳ ነው፤ የሚያመሳስላቸው የወጡበት ድስት ብቻ ነው። በየምሽቱ የሚጠይቁትም ሥራ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው።

ከእርጎው ሌላ በየሳምንቱ ሊቀያየሩ የሚችሉ ሁለት ማባያዎች ልጨምር። አንደኛው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ፣ የተፈገፈገ ዝንጅብልና የሚያቀጥን ጥቂት ሙቅ ውሃ ነው። ሁለተኛው ሦስት እጅ ዘይት፣ አንድ እጅ ኮምጣጤና ሩብ ማንኪያ ሰናፍጭ በብልቃጥ ተደርጎ የሚወዛወዝ ነው። ማባያው ከሱቅ ቢገዛም ዘዴው ይሠራል፤ በዚህ ጉዳይ መኩራራት አያስፈልግም።

ምልክት፦ በየዕቃው ያለው ምግብ ይለያያል፤ ጣዕሙ ግን አንድ ነው

ዶሮውም፣ ምስሩም፣ አትክልቱም በአንድ ሽንኩርት፣ በአንድ ቲማቲምና በአንድ ቅመም ከተሠሩ ዓይን እንጂ ምላስ ልዩነት አያይም። ሁለተኛም ምክንያት አለ፦ የቅመምና የቅጠል ጣዕም ብዙው ሽታ ነው፤ ሽታ ደግሞ ተናኝ ነው። በማብሰል ይቀንሳል፣ በድጋሚ ሲሞቅ ደግሞ የተረፈው ይሄዳል። ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብም ከትኩሱ ይልቅ ጣዕሙ ደብዛዛ ነው።

ጥፋቱን በምግቡ ላይ ከማላከክዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። አንድ ማንኪያ ለይተው ሁለት ጠብታ ሎሚ ይጨምሩና ይቅመሱ። ከተነቃቃ የጎደለው ጎምዛዛ ነገር ነበር። ካልተነቃቃ በሌላ ማንኪያ ላይ ቆንጠር አድርገው ጨው ይነስንሱ። ጨውም ካልረዳው የጎደለው ሽታ ነው፤ ትኩስ የድንብላል ቅጠል ወይም በጥቂት ዘይት ለግማሽ ደቂቃ የታመሰ ቅመም ያስፈልገዋል። ከልምድ እንደማውቀው አብዛኛው ሰው ወዲያው ወደ ጨው ይሮጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያስፈልገው ሎሚው ነው።

ሎሚና ኮምጣጤ በአረንጓዴ አትክልት ላይ በዝግጅቱ ቀን አይፍሰሱ። አሲድ ከቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ማግኒዚየሙን ስለሚያስወጣው ብሮኮሊውና ፎሶሊያው በማግስቱ ወደ ቡናማ የሚያደላ ሐመልማል ይሆናሉ። ሊበላ ሲል ቢጨመር ቀለሙም ጣዕሙም በቦታው ይቆያል።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ለስላሳና ውሃ ውሃ የሚል ሆኗል

ትኩስ ምግብ ተከድኖ ሲቀመጥ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ የተጠበሰው ነገር ሁሉ በዚያ ይርሳል። ጨው የገባበት ጥሬ ቲማቲምና ኪያር ደግሞ ውሃቸውን ራሳቸው ያወጣሉ። በዚህ ላይ ማይክሮዌቭ ይጨመርበታል፤ ያሞቃል እንጂ መልሶ አያደርቅም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ቢያንስ አንድ የሚቆረጠም ነገር ይኑር፤ ይህም ከሌላው ጋር አብሮ አይታሸግ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር በጥሬያቸው ተከትፈው ሳምንቱን ይዘልቃሉ፤ ሰላጣ ቅጠል አይዘልቅም። የተቆላ ለውዝ ወይም የዱባ ፍሬ ከፍሪጅ ውጭ በደረቅ ብልቃጥ ይቀመጥ። ሰላጣን ከነማባያው ይዘው መሄድ ካለብዎ ማባያው ከታች፣ ጠንካራው አትክልት ከላዩ፣ ቅጠሉ ከሁሉ በላይ ይሁን፤ ሊበሉ ሲሉ ይገልብጡት። ፓስታን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቀድመው ያውጡት፤ ሲሞቅ ቀሪውን ይበስላል።

እንፋሎቱ እስኪወጣ መጠበቅ ጥሩ ነው፤ ግን ድስቱን እስከ ማታ ከውጭ መተው ማለት አይደለም። ምግቡን ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ዘርግተው ያቀዝቅዙና በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡ። ክፍሉ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ያጥራል።

ምልክት፦ ሩዙ ጠጠር ሆኗል

ሩዝ ሲበስል የተበታተነው ስታርች (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይደራጃል፤ ይህ በፍጥነት የሚሆነው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ሙቀት ይመልሰዋል፤ ግን ውሃ ይፈልጋል። ለአንድ ሳህን አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይርጩበት፣ ይክደኑት፣ በደንብ እስኪተን ድረስ ያሙቁት። ከሁለት ቀን በላይ የሚቆየውን ገና ለብ እንዳለ በየሳህኑ መጠን ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ቢያስገቡት ከፍሪጁ የተሻለ ሆኖ ይወጣል። ወይም ድርቀቱን ይጠቀሙበት፤ ከእንቁላልና ከአትክልት ጋር በመጥበሻ ለሚጠበስ ሩዝ የትናንቱ ከዛሬው ይበልጣል።

ሩዝን በክፍል ሙቀት ማሳደር ግን ፈጽሞ አይገባም። ባሲለስ ሴረስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ መቀቀልን ይቋቋማል፤ ሩዙ ውጭ ሲያድር ይራባል፣ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም።

ምልክት፦ ሥጋው ሲሞቅ ያረጀ ነገር ይሸታል

አልተበላሸም። ሥጋ ሲበስል ከውስጡ የሚለቀቀው ብረት ስቡ ከአየር ጋር እንዲዋሐድ ያፋጥናል፤ ያ ካርቶን ካርቶን የሚል ሽታ የዚህ ውጤት ነው። አየር እንዳያገኘው በራሱ መረቅ ወይም በስጎ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ሮዝመሪ አብሮት ቢበስል ይህን ለውጥ ያዘገየዋል። የዶሮ ደረትን ደጋግሞ ማሞቅ ምን ደስታ እንዳለው ግን አይገባኝም፤ ጭኑ ስብ ስላለው በድጋሚ ሲሞቅ አይደርቅም። ደረቱ ካለዎት በጣት ተልትለው ቀዝቃዛውን ከለውዝ ማባያው ጋር ይብሉት። የሥጋ ምግብን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማድረግ፣ ጥራጥሬውን ከዚያ ማስከተል ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ምልክት፦ ዓርብ ላይ ያለው ምግብ ይበላ ወይስ ይደፋ የሚል ጭንቀት

ጭንቀቱ ልክ ነው። የበሰለ ምግብ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። እሑድ የተሠራ ምግብ ዓርብ እንዲበላ ማቀድ ከመጀመሪያው ስሕተት ነው። በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ሳይላጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍዝፎ ከተዘጋጀ ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ ከ4 ቀንም አይለፍ፤ ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። የተቀመጠ ምግብ ሲሞቅ መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ በማይክሮዌቭ ሲሞቅ አንድ ጊዜ አውጥቶ ማማሰል ግድ ነው፣ ጠርዙ ሲፈላ መሐሉ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላልና።

ለዚህ ችግር የሚበጀው ፍሪዘር ነው፤ መሰልቸትንም አብሮ ይፈታል። በየሳምንቱ ከሚበስለው ሾርባ ወይም የጥራጥሬ ወጥ ሁለት ሳህን ስምና ቀን ተጽፎበት በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ። አንድ ወር ሲሞላ አራት የተለያዩ ምግቦች ይጠብቁዎታል፤ ከዚያ ወዲያ ሐሙስና ዓርብ የዚያ ሳምንት ምግብ አይሆኑም። ምስር፣ ባቄላ፣ የቲማቲም ስጎና የተፈጨ ሥጋ በረዶን ይችላሉ። በትልልቁ የተቆረጠ ድንች አሸዋማ ይሆናል፣ የእርጎ ማባያ ይለያያል፣ የእንቁላል ነጩ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ እነዚህን አያስገቡ።

ምልክት፦ ምግቡ ሳይሆን የዝግጅቱ ቀን ራሱ ተጠልቷል

ዝርዝሩ በዝቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ኦቨን ውስጥ፣ አንድ ነገር ምድጃ ላይ፣ አንድ ነገር በቢላ ብቻ የሚዘጋጅ ሲሆን ሥራው ሳይጋጭ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቆመው የሚውሉበት ቀን ይሆናል። ሁለት አጫጭር ቀናት ከአንድ ረጅም ቀን ይሻላሉ፤ ረቡዕ ማታ አንድ ድስት ሩዝ መጣድና አንድ አዲስ ማባያ መምታት ከሠላሳ ደቂቃ አያልፍም። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ምሽት ያለ ዕቅድ ይተዉ፤ የተራረፈው የሚያልቀው በዚያ ቀን ነው።

ልዩነትን በሌለበት አይፈልጉ። ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁርስ በልቶ ቅር አይለውም። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ቁርሱን እንዳለ ይተዉትና ጉልበትዎን ለእራቱ ያውሉት።