ሴቶች ማይክ ከፍተው የሚጫወቱበት የዲስኮርድ ሰርቨር አያያዝ

በድምፅ በሚግባቡበት ጌም ሴት ተጫዋች የምትለየው ማይኳን ስትከፍት ነው። እስከዚያ ማንም ያልነካት ልጅ «አካውንቱ የማን ነው?»፣ «ወንድምሽን ጥሪልን» መባል ትጀምራለች። «ሚዩት አድርጊውና ተጫወቺ» የሚለው ምክር ተሳዳቢውን እዚያው ያስቀምጠዋል፤ የገዛ ቡድኗ ልጅ ከሆነም ጠላት በየት እንደመጣ ሲናገር አትሰማውም። ሥራው የዲስኮርድ ሰርቨሩን (ተጫዋቾች በጽሑፍና በድምፅ የሚገናኙበትን ቡድን) የሚመሩት አድሚኖች እንጂ የእሷ አይደለም።

ከሕጉ ጀምሩ። «ተከባበሩ» የሚል ሕግ ምንም አያስቆምም፤ ሁሉም «ቀልድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ድርጊቱን ራሱን ጻፉት፦ ሳይጠየቁ ስለ ሰው ድምፅና መልክ መናገር፣ ፎቶ ወይም ዕድሜ መጠየቅ፣ የምትጫወተው ራሷ መሆኗን አስመስክሪ ማለት፣ እምቢ ከተባሉ በኋላ በውስጥ መስመር መከታተል። ቅጣቱም አብሮ ይጻፍ፤ ለምሳሌ መጀመሪያ የ1 ሰዓት ታይምአውት (ለጊዜው እንዳይጽፍና እንዳይናገር ማገድ)፣ ሲደገም የ1 ሳምንት፣ በሦስተኛው ባን (ከሰርቨሩ ጨርሶ ማባረር)። ዛቻ ወይም የሰው አድራሻ መልቀቅ ግን ወዲያው ባን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጌመርጌት በተባለው፣ በጌሙ ዓለም ባሉ ሴቶች ላይ በተነሳው የኢንተርኔት ማሳደድ ዘመቻ ጊዜ አድራሻቸው የተለቀቀባቸውና የተዛተባቸው ሴቶች ቤታቸውን ጥለው እስከመውጣት ደርሰዋል፤ በዚህ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም።

ቀጥሎ መግቢያውን አጥብቁ። በሰርቨሩ የደህንነት ቅንብር ውስጥ የማረጋገጫ ደረጃውን ከፍተኛው ላይ ብታደርጉት፣ ስልክ ያላረጋገጠ ሰው መጻፍ አይችልም። ከእሱ በአንድ ዝቅ የሚለው ደግሞ አዲስ ገቢን 10 ደቂቃ ያስጠብቃል። ለአዘቦቱ ይሄ ይበቃል፤ በቡድን ሊሳደቡ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ለዚያው ሲሉ በከፈቱት አካውንት ስለሆነ፣ ዘመቻ ሲነሳ ወደ ስልኩ ከፍ አድርጉት።

አውቶሞድ (የተመዘገቡ ቃላትን በራሱ የሚያግደው የዲስኮርድ ማጣሪያ) ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በፊደል ነው። ማጣሪያው የሚያውቀው የተሰጠውን ፊደል ብቻ ነው። «ማዕድ ቤት ግቢ» የሚለውን ብትመዘግቡ «ማእድ ቤት» እና «ማድ ቤት» ሾልከው ያልፋሉ፤ በላቲን ፊደል የተጻፈው ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስድብ በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ እያፈራረቃችሁ አስገቡ። «የ»፣ «ለ» ወይም «ዋ» ሲጨመርበት እንዳያመልጥ በቃሉ ፊትና ኋላ የኮከብ ምልክት (*) አድርጉ። አጭር ቃል ላይ ግን ኮከቡን ተዉት፤ «*ሴት*» ብሎ ማገድ ሴቶቹ ስለ ራሳቸው የሚጽፉትንም ያግዳል። አጠራጣሪውን ቃል ከማገድ ይልቅ ለሞደሬተሮች (ሥርዓት ለሚያስከብሩት የአድሚኖች ረዳቶች) ጥቆማ እንዲልክ ብቻ አድርጉት።

አውቶሞድ የድምፅ ቻናሉን አይሰማም። እዚያ ሰው ያስፈልጋል፤ ጨዋታ በሚበዛበት ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ሞደሬተር ቢኖር ጥሩ ነው። ለእሱም የሚሰጠው የሰው ማይክ የመዝጋት፣ ሰውን ወደ ሌላ የድምፅ ቻናል የማዛወርና ታይምአውት የመስጠት ፈቃድ ብቻ ይሁን። የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ያለው ሰው የተዘጉ ቻናሎችን ሁሉ ያያል፤ የአቤቱታውን ቻናልም ጭምር። አንዳንዴ አቤቱታው የሚቀርበው በሞደሬተሩ በራሱ ላይ ነው።

አቤቱታ ሲመጣ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቀንና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሹት አንሱ፣ የመልእክቱን ሊንክ ቅዱ፣ በዲስኮርድ ቅንብር ውስጥ ዴቨሎፐር ሞድን (መለያ ቁጥር ለመቅዳት የሚያስችለውን ምርጫ) አብርታችሁ የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ያዙ። ስሙን በማንኛውም ሰዓት ይቀይራል፤ ቁጥሩ ግን አይቀየርም። ከዚያ ለዲስኮርድ ሪፖርት አድርጉ፣ ባኑን ከሁሉም በኋላ አድርጉት። ባን ስታደርጉ ያለፉትን መልእክቶች አጥፋ የሚለውን ሳያስተውሉ መምረጥ ማስረጃውን አብሮ ይጠርገዋል። በድምፅ የተባለ ከሆነ ቻናሉን፣ ሰዓቱንና በቦታው የነበሩትን ጻፉ፤ ምስክሮቹንም በዚያው ምሽት ጠይቁ፣ በማግሥቱ ሁሉም «አልሰማሁም» ይላል።

ውሳኔውን ስታሳውቁ የአቤቱታ አቅራቢዋን ስም አታንሱ። የተባረረው ጓደኞች መጀመሪያ የሚፈልጉት «ማን ከሰሰው?» የሚለውን ነው።

ለሴቶች ብቻ የሚሆን ቻናል ከፈለጉ ክፈቱላቸው፤ ዋናውን ግን አይተካም። ወደዚያ ቻናል የሚያስገባቸውን ሮል (ለአባላት የሚሰጥ መለያ) «ሴቶች» ብላችሁ አትሰይሙት። ለብቻው በዝርዝር እንዳይታይ ብታደርጉትም ፕሮፋሏን የነካ ሁሉ ያየዋል፤ ለሚያሳድድ ሰውም የተዘጋጀ የስም ዝርዝር ይሆንለታል። እንደ «አረንጓዴ» ያለ ምንም የማይናገር ስም ስጡት።