የብስክሌታችሁ ጎማ የት ጋ ነው ያለቀው?

ጎማው አለቀ ብላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የት ጋ እንዳለቀ እዩት። ብስክሌቱን ገልብጡና ጎማውን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። መነሻው ካልተስተካከለ አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል።

የኋላው ቀድሞ አለቀ

ይሄ ብልሽት አይደለም። የሰውም የዕቃም ክብደት አብዛኛው የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው፤ ፔዳሉ የሚያሽከረክረውም እሱን ነው። ብዙ ሰው ያለቀውን ወደ ፊት አምጥቶ የፊቱን ኋላ ይገጥማል። እኔ አልደግፈውም። የኋላው ቢፈነዳ ብስክሌቱን ተቆጣጥሮ መቆም ይቻላል፤ የፊቱ ከፈነዳ ግን መሪው ከእጅ ያመልጣል። አዲሱን ፊት ግጠሙ፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሩ፣ ያለቀውን አስወግዱ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ መዳፍ የሚያህል ልሙጥ አለ

የዚህ መነሻ ፍሬን አያያዝ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይሄን ሁሉ ትወርዳላችሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ዕቃ ጭኖ የሚወርድ ሰው የፊት ፍሬን ስለሚፈራ የኋላውን ብቻ ጨምድዶ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው እግር (ጎማው ከነቸርኬው) ይቀለውና መዞሩን ያቆማል፣ አስፋልቱ ላይ እየተጎተተ ይፋቃል።

መፍትሄው ከኩርባው በፊት ፍጥነት መቀነስ ነው። ሁለቱንም ፍሬን አብራችሁ ያዙ፤ የፊቱን ለስለስ አድርጋችሁ ጀምሩና ቀስ በቀስ ጨምሩ። ፍሬናችሁ ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የተገጠመበትን ክብ ብረት፣ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ መንገድ ላይ ቆም እያላችሁ አቀዝቅዙት። ቸርኬ ሲግል የውስጡ አየር ግፊት ይጨምራል፤ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። የተፋቀው ቦታ ላይ ክር ከታየ ጎማው አብቅቶለታል።

ጎኑ ላይ ዙሪያውን የተጫረ መስመር አለ

ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት ይይዛል። የፍሬኑ ጎማ ከቸርኬው አልፎ ጎማውን እየነካ ነው። ብሎኑን ፈታ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉትና መልሳችሁ አጥብቁ። አንዱ ጎን ብቻ ካለቀ ግን እግሩ ተንጋዶ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል ያለው ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት።

ግራና ቀኝ ጠርዙ ያልቃል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል

ንፋስ አንሶታል። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ዕቃ ስትጭኑ ከተጻፈው ጣሪያ ሳታልፉ ጨመር አድርጉ። ጎሚስታ ቤት ስታስሞሉ አጠገቡ ቁሙ። የብስክሌት ጎማ ትንሽ አየር ነው የሚይዘው፤ የመኪና መንፊያ በቅጽበት ከልክ ያሳልፈዋል።

አንድ ቦታ አብጧል

ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። ጥገና የለውም። ቁልቁለት ላይ ካያችሁት ውረዱና እየገፋችሁ ሂዱ።