ባለ ካሬ ስለት የመጋዝ ሰንሰለት በእጅ እንዴት ይሞረዳል?

የሞተር መጋዝ የያዘ ሰው ክብ ሞረድ ያውቃል፤ እንደ እርሳስ ድቡልቡል የሆነውን። ክብ ሞረድ የጥርሱን ውስጥ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ አድርጎ ይተወዋል። ካሬ ስለት ግን ጎድጓዳ የለውም። ሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ይገናኙና ጥርሱ የአናጢ መሮ ይመስላል። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ ዋሽንግተንና ኦሪገን ውስጥ፣ ትልልቅ የዳግላስ ፈር ዛፎችን የሚጥሉ ባለሙያዎች ይህን ይወዳሉ። ንጹሕና ለስላሳ እንጨት ላይ ከክቡ ይፈጥናል።

ፍጥነቱ በነጻ አይገኝም። ስለቱ አፈር ወይም አሸዋ ከነካ ቶሎ ይዶለዱማል፤ መልሶ ማሳሉም ጊዜ ይበላል። አገር ቤት መሬት ላይ የተጎተተ፣ ጭቃ የለበሰ ባሕር ዛፍ የሚቆራርጥ ዘመድ ካላችሁ ይህን አትምከሩት። ለእሱ ክቡ ይበቃዋል።

ሰንሰለቱንም እዩት። የጥርሱ ላይኛው ክፍልና ጎኑ የሚገናኙበት ጥግ ሹል መሆን አለበት። ጥጉ ከፋብሪካው ክብ ሆኖ የተሠራ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለሞረድ ሦስት ዓይነት ምርጫ አለ፦ ሦስት ማዕዘን፣ ስድስት ማዕዘን፣ እና ጠርዙ እንደ ቤት ጣሪያ በሁለት ወገን ያዘቀዘቀ ጠፍጣፋ ሞረድ። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ። የጣሪያው አንዱ ወገን የጥርሱን ላይኛ ክፍል ከሥሩ ይስላል፣ ሌላው ወገን ጎኑን። ሁለቱም ባንድ ግፊት ይሠራሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን አውጡ። ጓንቲ አድርጉ። ባሩን፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ በሞርሳ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሰንሰለቱንም ከወትሮው ትንሽ ወጠር አድርጉት፤ የሚወዛወዝ ጥርስ አይሞረድም። ጥርሱ ከዓይናችሁ ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው። ብርሃን አይጠር። ማጉያ መነጽር ካላችሁ አትፈሩበት፣ ወጣቶችም ይጠቀሙበታል።

አሁን ዋናው ነገር። የሞረዱ ሹል ጠርዝ በትክክል የጥርሱ ጥግ ላይ ማረፍ አለበት። ከላይም አይደለም፣ ከታችም አይደለም፤ ጥጉ ላይ። ሌላው ሁሉ ቢስተካከል ይህ ከተሳተ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ጥርሱ ላይ ያሉትን ሁለቱን የተሳሉ ገጾች በማርከር ቀቡ። ሞረዱን አዲሱ ሰንሰለት ከፋብሪካ ሲመጣ በነበረው ማዕዘን ያዙ። እጀታው ከፍ፣ ጫፉ ዝቅ ይላል። ከክቡ በተቃራኒ የሚገፋው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ በቀስታ ግፉና ቁሙ። እዩት። ቀለሙ ከሁለቱም ገጽ እኩል ከለቀቀ ማዕዘኑ ገብቷችኋል። ከፊሉ ብቻ ከለቀቀ እጃችሁን አስተካክሉ እንጂ ጉልበት አትጨምሩ።

ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት መስመር የት እንደሚወጣም ተከታተሉ። መስመሩ ላይኛው ስለት ላይ ከወጣ ሞረዱ ከፍ ብሏልና ዝቅ አድርጉት። ከጥጉ በታች ጎኑ ላይ ከወጣ ደግሞ ዝቅ ብሏል፤ ከፍ ይበል። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ይህን ሳላይ አንድ ሙሉ ሰንሰለት ጨረስኩ። ጥርሶቹ ያብረቀርቁ ነበር። እንጨቱ ውስጥ ሲገቡ ግን ዱቄት እንጂ ቅርፍት የለም! ምሽቴ እንዳለ ባከነ።

ሞረድ የሚስለው ወደፊት ሲሄድ ነው። ስትመልሱት አንሱት፤ ብረት ላይ እየጎተታችሁ አትመልሱት። የጥርሱ ውጪ በክሮም የተለበጠ ስለሆነና እኛ ደግሞ ከዚያ በኩል ስለምንገባ፣ ሞረዱ ቶሎ ያልቃል። መንሸራተት ሲጀምር ቀይሩት። በዶለዶመ ሞረድ መታገል ማዕዘኑን ያበላሻል።

የአንዱን ወገን ጥርሶች ጨርሱና ወደ ሌላው ዙሩ። የመጀመሪያውን ጥርስ በማርከር ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ የት እንደጀመራችሁ ይጠፋችኋል። ከሁሉም አጭር የሆነውን ጥርስ ፈልጉና ሌሎቹን በእሱ ልክ አድርጉ። አንዱ ወገን ከሌላው ካጠረ መጋዙ ወደ አንድ በኩል እየተጠመዘዘ ይቆርጣል። እጃችሁ በአንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ መበርታቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የግፊቱን ብዛት እየቆጠራችሁ ሂዱ።

ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ጥርሱ ስንት ያህል እንደሚነክስ የምትወስነው ናት። ጥርሱ ባጠረ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቁመቱም ይቀንሳል፣ ጉብታዋም መውረድ አለባት። ብዙ ሰንሰለቶች ላይ ከጥርሱ በ0.65 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለባት። የጉብታ መለኪያውን ሰንሰለቱ ላይ ጭናችሁ፣ ከመለኪያው በላይ የወጣውን ትርፍ ብቻ በጠፍጣፋ ሞረድ አንሱ። በግምት አትሂዱ። ከልክ በላይ ከወረደች መጋዙ እንጨቱን በኃይል ይነክስና ወደ ራሳችሁ ሊወረወር ይችላል። ይህ ቀልድ አይደለም።

የጥርሱ የመቁረጫ ርዝመት 4 ሚሊሜትር ሲደርስ ሰንሰለቱ ጊዜው አልቋል። ጣሉት።

ገመዱን መልሱ፣ ሰንሰለቱን ወደ ወትሮው ውጥረት አላሉት፣ ዘይት እንዳለ እዩና ንጹሕ ግንድ ላይ ሞክሩት። መጋዙን ሳትጫኑት በራሱ ክብደት ከገባና ትልልቅ ጠፍጣፋ ቅርፍቶች ከወጡ ተሳክቷል። ዱቄት ከሆነ ወደ ሞርሳው ተመለሱ፣ መጀመሪያ የምታዩትም ጥጉን ይሁን።