የፓቶሎጂ ቢል ሲመጣባችሁ መጀመሪያ ብልቃጡን ቁጠሩ

ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው። ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ ፖስታ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እኔ ያደረግኩት አንድ ኮሎኖስኮፒ ነው። አሁን ደግሞ ከላቦራቶሪ ሌላ ቢል መጣብኝ። እስቲ እዪልኝ» አሉኝ። ኮሎኖስኮፒ ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት ነው። እኔ እዚህ ሜሪላንድ የሕክምና ቢል ኮደር ነኝ፤ ማለትም ሕክምናውን ቢሉ ላይ በሚጻፉ ቁጥሮች የምመዘግብ ሰው። ቀኑን ሙሉ የማየው ይህንኑ ነው።

ቢሉ ላይ 88305 ይላል፤ ይህ ናሙና ላብ ውስጥ ለታየበት የሚሰጥ ኮድ ነው፤ ከጎኑ ብዛት 4። ቢሉን ብቻ አይቶ ልክ ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም። የፓቶሎጂ ሪፖርቱ ያስፈልጋል፤ ማለትም ከሰውነት የተወሰደው ናሙና ላብ ውስጥ ታይቶ የተጻፈው ውጤት። እናንተም መጀመሪያ እሱን ከሆስፒታሉ ፖርታል (የታካሚ ድረ ገጽ) ላይ አውጡና ከቢሉ ጎን አስቀምጡት።

ሪፖርቱ ላይ ናሙናዎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባሉ ተዘርዝረዋል። በአብዛኛው እያንዳንዱ ፊደል ሐኪሙ ለብቻው ምልክት አድርጎ የላከው አንድ ብልቃጥ ነው። ሂሳቡም የሚታሰበው በዚያ ነው እንጂ ውስጡ ባለው ቁራጭ ብዛት አይደለም። የጋሼ ሪፖርት ሲ ላይ ያበቃል። ሲ ሥር ግን «ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዳቸው 0.3 ሴንቲ ሜትር» ይላል። ለካ ሁለቱን ቁራጭ ለየብቻ ቆጥረውባቸዋል። መሆን የነበረበት 3 ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን እዩ። የናሙና ምርመራ ደረጃዎቹ ስድስት ናቸው፦ 88300፣ 88302፣ 88304፣ 88305፣ 88307 እና 88309። የመጀመሪያው ያለ ማይክሮስኮፕ በዓይን ብቻ ለታየ ናሙና ነው። ሐሞት ከረጢት 88304 ነው። የአንጀት ፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) 88305 ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን የሚያየው ሐኪም) ድካም ይጨምራል፤ ዋጋውም እንደዚያው።

ሰው የሚሳሳተው አንድ አካል አንድ ቁጥር ያለው ሲመስለው ነው። ማሕፀንን ውሰዱ። ወደ ታች ስለወረደ ከወጣ 88305 ነው። በፋይብሮይድ (ካንሰር ያልሆነ የማሕፀን እጢ) ምክንያት ከወጣ 88307። በካንሰር ከሆነ 88309። ስለዚህ እህቶቼ፣ ለፋይብሮይድ ተብሎ ማሕፀናችሁ ወጥቶ፣ ሪፖርቱም ካንሰር የለም እያለ ቢሉ ላይ 88309 ካያችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ይህ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

ተጨማሪ ቁጥሮች ሲመጡም አትደንግጡ። 88342 ልዩ የፀረ እንግዳ አካል ቀለም ነው። 88331 ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ ናሙናው በረዶ ሆኖ ተቆርጦ ሲታይ ነው። ሁለቱም ሪፖርቱ ላይ መጠቀስ አለባቸው።

ለአንድ ናሙና ሁለት ቢል ቢመጣስ? ከቁጥሩ ኋላ 26 ካለ የፓቶሎጂስቱ ድርሻ ነው፤ ቲሲ (TC) ካለ የላቦራቶሪው። ሁለቱ አብረው ቢመጡ ችግር የለም። አንዱ ቢል 26 ይዞ ሌላው ምንም ምልክት ከሌለው ግን የፓቶሎጂስቱ ድርሻ ሁለቴ ተጠይቆ ሊሆን ይችላል።

የጋሼ ቢል ሌላም ጉድለት ነበረበት። እሳቸው የታዩት ሕመም ኖሯቸው ሳይሆን ለቅድመ ምርመራ ነው። በአብዛኛው የሥራ ኢንሹራንስ ደግሞ በቅድመ ምርመራ የተገኘ ፖሊፕ ላብ ውስጥ ሲታይ ታካሚው ምንም አይከፍልም። ላቦራቶሪው ግን የላከው የፖሊፑን ኮድ ኬ63.5 ብቻ ነው። የቅድመ ምርመራው ኮድ ዜድ12.11 የለም። ኢንሹራንሱ በምን ይወቅ? ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ላይ ያላችሁ ደንቡ ስለሚለይ ለብቻው ጠይቁ።

ሌላው ደግሞ፣ ሆስፒታሉ ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል ኖሮት ፓቶሎጂስቱ ግን ከሌለው፣ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በፌዴራል ሕግ ልዩነቱን ከእናንተ መጠየቅ አይችልም።

ሰኞ ከጋሼ ጋር ሆነን ደወልን። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። መጀመሪያ «አይተማይዝድ ቢል» (እያንዳንዱ ሂሳብ የተዘረዘረበት ቢል) ጠየቅን። ከዚያ «ኮዲንግ ሪቪው» (ኮዶቹን እንደገና ማየት) እንዲደረግና እስኪያልቅ ሂሳቡ ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ) እንዳይሄድ ነገርናቸው። ጋሼ ያነጋገረችንን ልጅ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ፖስታው ጀርባ ላይ ጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ ወረቀት መጣ፦ ብዛት 3፣ ዜድ12.11 ገብቶበታል፣ የሚከፈል 0።